ሩፊና ስም ያልጠራችበት ጉተታ

ታንኳ ባሕር ዳር ይሠራል ብሎ የሚያስብ ሰው ግንድ ጎትቶ አያውቅም። ታንኳ የሚሠራው ተራራ ላይ ነው። ዛፉም፣ ዛፉን የሚያውቁት ሰዎችም ያሉት እዚያ ነው። የተራራው መንደር የኢናሙ ሰዎች ዛፉን ይጥላሉ፣ ቅርጽ ያስይዙታል፣ ውስጡን ቦርቡረው ያቀሉታል። እኛ የባሕር ዳሯ የገሎቫ ሰዎች ሽቅብ ወጥተን፣ ከእነሱ ጋር በሐረግ አስረን ወደ ባሕር እናወርደዋለን። ጎኑን በሳንቃ ከፍ ማድረግ፣ ክፍተቱን መድፈን፣ የሞተር መቀመጫ ማበጀት ከዚያ በኋላ የሚመጣ የእኔ የአናጢው ሥራ ነው። ግንዱ ሳይሰነጠቅ፣ ሰውም ሳይጎዳ ካልወረደ ግን አናጢ ምን ይሠራል? ቁጭ ብሎ ቡዋይ የሚባለውን ፍሬ እያኘከ ቀይ ምራቁን ይተፋል። ስለዚህ በገሎቫ ትልቁ ሰው አናጢ አይደለም፤ ጀልባ ነጂም አይደለም። ትልቁ ሰው ጠሪው ነው። ጠሪያችን ደግሞ ሩፊና ናት።

ጠሪ ማለት ግንዱ አፍንጫ ላይ ቆሞ ለዚያ ሁሉ እጅ አንድ ራስ የሚሆን ሰው ነው። መጎተቱ ብዙ ጥበብ አይፈልግም፤ ከሥር የሙዝ ግንድ ልጣጭ ይነጠፋል፣ ሰው ይዘፍናል፣ ይጎትታል። ከባዱ ቁልቁለት ላይ ማቆም ነው። ከፊት ያሉት ሐረጉን ለቀው ወደ ጎን መሸሽ አለባቸው፤ ከኋላ ያሉት ሐረጋቸውን ዛፍ ላይ ጠምጥመው ተረከዛቸውን መትከል አለባቸው፤ ሁሉም በአንድ ትንፋሽ። አንዱ ቢዘገይ ግንዱ አይጠብቀውም። ለዚህ ጉዳይ ቋንቋችን አንድ ቃል አለው፤ ላጎ። ያዝ፣ ቁም፣ ንቅንቅ እንዳትል፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ። የገሎቫ ሕፃን መራመድ የሚማረውና ላጎ ሲባል መቆም የሚማረው በአንድ ሰሞን ነው።

የኢናሙ ቋንቋ ሌላ ነው። የእኛ ባሕሩ ላይ ካሉት ደሴቶች ቋንቋ ጋር ይዛመዳል፤ ከሩቅ የመጣ ዓሣ አጥማጅ ሲያወራ ግማሹን እንለቅማለን። የእነሱ ግን ከእኛም ከደሴቶቹም ጋር ዝምድና የለውም። ስንገናኝ የምንግባባው በፒጂን፣ አገሩ ሁሉ በሚግባባበት ድብልቅ ቋንቋ ነው። ሆኖም እነሱም ላጎ የሚል ቃል አላቸው። በእነሱ ዘንድ ከሰዓት በኋላ ከተራራው ጫፍ ወርዶ መንደራቸውን የሚሸፍነው ጉም ነው። አጭር ቃል ሁለት ቦታ ቢበቅል ምን ይገርማል? የሰው አፍ የትም አንድ ዓይነት ነው። የሩፊና አባት ጠሪ በነበሩ ጊዜ ግን ነገሩ ሰው ሊያስጨርስ ነበር። ኢናሙዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ሐረግ የያዙ ዕለት ሽማግሌው ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ “ላጎ!” ቢሉ፣ የተራራው ሰዎች በሙሉ ቀና ብለው ጫፉን ማየት ጀመሩ። “ምን ጉም አለ? ሰማዩ እኮ ጥርት ያለ ነው” ይላል አንዱ፣ ግንዱ በአጠገቡ እየነጎደ። ከዚያ ወዲህ ተምረዋል።

ሩፊናንም ይኸው ቃል አንድ ጊዜ አዋርዷታል። ኪምቤ ከተማ ገበያ ውስጥ ከሩቅ ደሴት የመጣች ሴት ትንንሽ ሎሚ ደርድራ “ላጎ! ላጎ!” እያለች ትጣራለች፤ በእነሱ አገር ላጎ ሎሚ ኖሯል። ሩፊና የኮኮናት ጆንያ ተሸክማ መንገድ እያቋረጠች ነበርና አስፋልቱ መሀል ተረከዟን ተከለች። ከኋላዋ የደረሰው ሚኒባስ ጥሩምባውን ቢነፋ ቢነፋ እሷ ወይ ንቅንቅ።

“አንቺ ሴትዮ፣ ሐውልት ነሽ?” አለ ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ።

“ያቆመችኝ ያቺ ናት፤ እሷ ትልቀቀኝ!” አለችው ወደ ሎሚ ሻጯ እያመለከተች።

ድምጿን ያልሰማ ሰው ሩፊናን አያውቃትም። በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ የቆመችው አንድ እሑድ ብቻ ነው። መሪው በትሕትና ቀርቦ “እኅቴ ሩፊና፣ ከመስኮቱ ውጪ ሆነሽ ብትዘምሪ እግዚአብሔርም ይሰማሻል፣ እኛም እንተርፋለን” አላት። አልተቀየመችም። ከማንጎው ሥር ቁጭ ብላ እስከ ዛሬ ከውጪ ትዘምራለች። አባቷ ሲደክሙ ጠሪነቱን ለወንዶቹ ልጆቻቸው ሊሰጡ አስበው ነበር። በተራ በተራ ባሕሩ ዳር አቁመው “በማዶ ያሉትን ለምሳ ጥሯቸው” አሏቸው። ወንዶቹ ጮኹ፤ ማንም አልመጣም። ሩፊና በተራዋ ስትጣራ ከማዶ ብቻ ሳይሆን ከላይ ከእርሻውም ሰው ግር ብሎ መጣ፤ ምሳውም አልበቃም። ነገሩ በዚያው አለቀ። ለድምፅ የሚረዳ ዝንጅብል እያኘከች፣ ሴት ልጇን አጋታን በጀርባዋ አዝላ ሳይቀር ግንድ አውርዳለች። ባሏ ከሞተ በኋላ ደግሞ ግንዱ አፍንጫ ላይ ስትቆም ብቻ ነበር ፊቷ የሚፈታው።

አጋታ አደገችና ካካዎ ማድረቂያው ውስጥ ሥራ ያዘች። አንድ ቀን አመሻሹ ላይ እናቷ ዓሣ ስትገፍ አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

“እማ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ግን እንዳትጮኺ።”

“እኔ መቼ ጮኼ አውቃለሁ?” አለች ሩፊና። ከሦስት ቤት ወዲያ የሰው ሳቅ ተሰማ።

“ሰው አግኝቻለሁ።”

“ከየት?”

“ከኢናሙ።”

“ጥሩ ሰዎች ናቸው። ሥራ ያውቃሉ። ማን ይባላል?”

አጋታ የዓሣውን ቅርፊት በጣቷ ገፋ ገፋ አደረገች። “ጉተታ በተባለ ቁጥር ስትጠሪው ነው የኖርሽው።”

ሩፊና ቢላዋውን አስቀመጠች። “ላጎ? ግንድ የሚቦረቡረው ላጎ?”

“እሱ ነው። አሁን እንደ ልብሽ ጥሪው። በኋላ አትችይም።”

እዚህ ላይ ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ማለት አለብኝ። እኛም ኢናሙዎችም ዘንድ አማትና አማች አንዱ የሌላውን ስም አይጠራም። ስሙን ብቻ አይደለም፤ ስሙን የሚመስል ድምፅ ከአፍ አይወጣም፤ በየትኛውም ቋንቋ ይሁን፣ ምንም ማለት ይሁን። ያመለጠው ሰው ካለ የተጠራው ወገን ዘመዶች ድምፃቸውን ሳያሰሙ መጥተው አሳማ ነድተው ይሄዳሉ። አሳማው ይረሳል። የማይረሳው ባልና ሚስቱ የሚኖሩበት ቤት “ስም የወደቀበት” መባሉ ነው። ልጆች ተወልደው አድገውም ይባላል። እኔ ለአጋታ ዘመዷ ስላልሆንሁ ይኸው ላጎ ላጎ እያልሁ እጽፋለሁ። ሩፊና ግን ከዚያ ወዲያ ወይ ልጇን አትድርም፣ ወይ ከግንዱ ትወርዳለች።

“እኔ ልጁን አልጠላውም” አለች አጋታን። “ከኋላ ሐረግ እንደሱ የሚይዝ የለም። ግን አንቺ የምታገቢው እሱን አይደለም፤ የእኔን አፍ ነው።”

ጊዜውም ክፉ ነበር። ገሎቫ ለራሷ አስቆርጣ የማታውቀው ትልቅ ግንድ ኢናሙ ላይ ተጋድሞ ነበር፤ ካካዎውንም ታማሚውንም ኪምቤ የሚያደርስ ታንኳ እንዲሆን። ያን ግንድ ያለ ሩፊና ማውረድ ማንም አልተመኘም። ስለዚህ የአንድ ቤት ጉዳይ የመንደሩ ጉዳይ ሆነና ሰው ሁሉ ሐሳብ ይሰጥ ጀመር። ከሁሉ የቀደመው የሩፊና ጎረቤት ቦኒፋስ ነው። ቦኒፋስ ለጀልባ ሞተር ቤንዚን ይቸረችራል፤ ሐሳብ ግን በነፃ ነው የሚሰጠው።

“ልጁ ስሙን ይቀይራ! ምን ችግር አለው?”

የላጎ እናት ኦዱ ለዚሁ ጉዳይ ከተራራው ወርዳ እኛ ዘንድ ተቀምጣ ነበር። አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ሳቅ የማታባክን ሴት ናት። “ስሙ የአያቱ ነው” አለች። “እርሻውም በዚያ ስም ነው የተያዘው። ስሙን ከጣለ ነገ የአጎቶቹ ልጆች አጥሩን ገፍተው ይገባሉ። አንተ ቤንዚንህን ትሰጠዋለህ?”

“የክርስትና ስም የለውም?”

“ዩሊየስ ነው። ዩሊየስ ብለው ሲጠሩት ግን ዞሮ አያውቅም። ደግሞስ አንዱን ስም ብትይዝ ሌላው ይለቃል እንዴ?”

“እንግዲያው ቃሉን እንቀይር” አለ ቦኒፋስ። “በፒጂን ‘ሆሊም’ ትበል። ያው ያዘው ማለት ነው። ሁላችንም እናውቀዋለን።”

ይህኛው ሚዛን ደፋ። ከካቴኪስቱ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ የሃይማኖት አስተማሪ፣ ቤት በላይ ካለችው ጉብታ አንድ መለስተኛ ግንድ አምጥተን ለሙከራ አሰርን። ሩፊና አፍንጫው ላይ ወጣች፣ ዝንጅብሏን አኘከች፣ ተጎተተ። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ስንደርስ “ሆሊም!” አለች፤ ሳምባዋን ሳትሰስት። ከፊት ያሉት ዘወር ብለው አዩዋት። ከኋላ ያሉት ገሚሶቹ ያዙ፣ ገሚሶቹ አሰቡ። “ማንን ነው የምንይዘው?” ያለም ነበር። ግንዱ ግን አላሰበም። በካቴኪስቱ ሙዝ መሀል ሰንጥቆ ሄደና የአሳማዎቹን በረት ደርምሶ ቆመ። አሳማዎቹ በያቅጣጫው ተበተኑ። ከዚያ በኋላ “ሆሊም! ሆሊም!” እያልን ስንሮጥ ዋልን። ለአሳማ ጥሩ ሠርቷል።

እኔ ከሙያዬ አንጻር አልገረመኝም። መዶሻ የለመደ እጅ ሚስማሩን ሳያይ ይመታል፤ መዶሻውን ብትቀይርበት ጣቱን ይመታል። ላጎ የሚለው ቃል ያለው ጆሯችን ውስጥ ሳይሆን ተረከዛችን ውስጥ ነው። ሆሊም ገና ጆሮ ላይ ነው ያለው፤ ከዚያ እስከ ተረከዝ ለመውረድ አንድ ትውልድ ይፈልጋል።

ያን ዕለት ሩፊና ልጇን “ጠብቂ” አለቻት።

“እስከ መቼ?”

“ድምፄ እስኪያልቅ።”

“እሱ መቼ ሊያልቅ ነው! የልጅ ልጅሽ ጥርሱ ይረግፋል እንጂ ያንቺ ድምፅ አያልቅም!” አለችና አጋታ ወደ ካካዎ ማድረቂያዋ ሄደች። ከዚያ ወዲያ በእናትና ልጅ መካከል የሚሰማው የድስት ክዳን ድምፅ ብቻ ሆነ።

ከሙከራው በኋላ እኔና ሩፊና ትልቁን ግንድ ልናይ ኢናሙ ወጣን። እኔ ስንጥቅ ልፈልግ፣ እሷ ክብደቱን ልትገምት። ግንዱ በእውነት ውብ ነበር፤ ላጎ በሞተር መጋዝ ጀምሮ በመጥረቢያ ጨርሶታል፤ ውስጡ እጅ ሲያልፍበት አይከረክርም። ሥራ ሲቆም ሁሉም እሳቱን ከቦ ተቀመጠና ከአመዱ ውስጥ ምግብ መውጣት ጀመረ። ላጎ ለእህቱ እጁን ዘረጋ።

“እስቲ ያን የአፈር እንቁላል አቀብይኝ።”

ሳቁ እሳቱን ሊያጠፋው ደረሰ። “ስሙን ጥራና እንስጥህ!” አለው አንዱ። “ትናንት ደግሞ ‘ያ ቀዩ ነገር’ ነበር የሚለው” አለ ሌላው። እህቱ አንድ ድንጋይ አንሥታ “ይኼን ነው?” አለችው። ላጎ ራሱ ተጎንብሶ ከአመዱ ውስጥ አንድ ስኳር ድንች አወጣና አመዱን እፍ ብሎ መብላት ጀመረ።

ሩፊና ከኢናሙ ቋንቋ ለሥራ የሚበቃትን ታውቃለች፤ ይህን ግን አልተረዳችውም። ወደ ኦዱ ጠጋ አለች። “ልጅሽ ምን ሆኗል? ስኳር ድንች ይፈራል እንዴ?”

“በአንቺ ምክንያት ነዋ!” አለች ኦዱ። “ስኳር ድንች በእኛ ቋንቋ ምን እንደሚባል አታውቂም?”

“አላውቅም። ከእናንተ ጋር ስበላ በፒጂን ነው የምጠይቀው።”

“ያንቺ የቤት ስምሽ ማን ነው?”

የሩፊና የቤት ስም ሲዋ ነው፤ አያቷ ናቸው ያወጡላት። በእኛ ቋንቋ ሲዋ ማዕበል ሊመጣ ሲል የምትጮኽ የባሕር ወፍ ናት፤ ስሙም ልክ ገጥሟታል። ኦዱ ቃሉን አልጠራችውም፤ ልጇ በሚሰማበት ልትጠራው አልፈለገችም። በእጇ ብቻ ወደ አመዱ ጠቆመች።

“ከመቼ ጀምሮ?” አለች ሩፊና።

“ያለፈው ተከላ ሳይጀመር። ገና ማንም ማንንም ሳይጠይቅ። አንድ ጊዜ ላይኛው መንደር በእንግድነት ሄዶ ‘ያን ነገር ስጡኝ’ ቢል ጎደሬ አመጡለት፤ አይደለም አለ። ሙዝ አመጡለት፤ አይደለም አለ። በመጨረሻ የታመመ መስሏቸው ውሃ ብቻ አጠጥተው አስተኙት።”

“ታዲያ በፒጂን ለምን አይለውም?”

“በአያቱ እሳት ዙሪያ ፒጂን? እንግዳ ነው እንዴ?”

እዚያ ተራራ ላይ ስኳር ድንች ማለት ቁርስ ነው፣ ምሳ ነው፣ እራት ነው፣ የአሳማ መኖ ነው፣ የእንግዳ መቀበያ ነው። ሰው ስለ እርሻው ሲጨነቅ የሚጨነቀው ስለ እሱ ነው። ልጁ አፉን በከፈተ ቁጥር የሚደነቃቀፍበትን ቃል ነው የተወው፤ ያውም ይሰጡት አይስጡት ሳያውቅ፣ መሳቂያ እየሆነ። ሩፊና እጇ ላይ ያለውን ስኳር ድንች ሳትበላ ብዙ ጊዜ አየችው።

ተራራውን ወርደን ወንዙ ጋ ስንደርስ ሩፊና ቆመች።

“አናጢ።”

“አቤት።”

“ይኼ ሰው እኔ ሳልቀበለው አማቱ አድርጎኛል እኮ።”

“እንደዚያ ይመስላል።”

“እኔ ግን ግንድ በወረደ ቀን ብቻ ለምትነገር አንዲት ቃል ልጄን አስኮርፋለሁ። ዕድሜዬን ሁሉ ስጮህ ኖሬ ይኼን የሚነግረኝ ጠፋ?”

“በምን አፋችን? መቼ ዝም ትያለሽ?” አልኋት። በጭቃ ወረወረችኝ፤ አልሳተችኝም።

የዚያኑ ዕለት አጋታን ጠርታ “ኢናሙዎች ስጦታቸውን ያምጡ” አለቻት።

“ግንዱስ እማ?”

“ቦኒፋስ ይጠራል። እሱ ዘመድሽ አይደለም፣ ቃሉ አይከለከልበትም። ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ሊጠራ ሲመኝ የኖረ ሰው ነው።”

“ቦኒፋስ እኮ ድምፁ…”

“አውቃለሁ። ግንዱ የልጅ ልጅ አይሰጠኝም፤ አንቺ ትሰጪኛለሽ። ሂጂ አሁን፤ ሐሳቤን ሳልቀይር።” አጋታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ሩፊና ግን ከትከሻዋ በላይ የምታየው ወደ ተራራው መንገድ ነበር።

በጉተታው ዋዜማ ኢናሙዎች አሳማና ጎደሬ፣ በክር ከረጢትም ሙሉ ስጦታ ይዘው ወረዱ። ሩፊና እጇን ዘርግታ ተቀበለች። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አፏ ታሰረ።

በበነጋው ፀሐይ ወጣ ስትል ሁላችንም ተራራው ላይ ነበርን። ቦኒፋስ ለክብሩ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ የግንዱ አፍንጫ ላይ ወጣ። ሩፊና ከአፍንጫው አጠገብ በእግሯ ትሄዳለች፤ ጉንጮቿ በዝንጅብል ተወጥረዋል።

“እማማ ሩፊና፣ ምን ጎርሰሽ ነው?” አላት ከሐረጉ አንዱ።

በጣቷ አፏን፣ ከዚያም ወደ ኋላ ላጎን አመለከተች። የእሱ ስም እንዳያመልጠኝ የአፌ ቡሽ ነው ማለቷ ነው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ላጎ አንገቱን ደፍቶ የኋላውን ሐረግ ወገቡ ላይ ጠመጠመ።

የመጀመሪያው ጋራ በሰላም አለፈ። የቦኒፋስ ድምፅ ቀጭን ቢሆንም መንገዱ ጠባብ ስለነበር ይሰማል። ችግሩ የመጣው ጉልበት ሰባሪ የምንለው ቁልቁለት ጋ ነው። የሌሊቱ ዝናብ ቅጠሉን አርሶታል፤ ከፊት ያሉት ወጣቶች ደግሞ ባሕሩ ሲታያቸው ዘፈናቸውን ከፍ አደረጉ። ቦኒፋስ “ላጎ!” አለ። ዘፈኑ ዋጠው። ደግሞ “ላጎ!” አለ፤ ድምፁ መሀል ላይ ተሰበረ። ከኋላ ያሉት ጥቂቶች ሰምተው ያዙ፤ ሌሎቹ ገና ይራመዳሉ። ግንዱ አፍንጫውን ደፋና መንሸራተት ጀመረ። ቦኒፋስ ሚዛኑን ስቶ ከነንጹሕ ሸሚዙ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ። ላጎ ሐረጉን አንድ ዛፍ ላይ ጠምጥሞ ወደ ኋላ ተንጋሏል፤ ሐረጉ በቅርፊቱ ላይ ሲፋቅ ጭስ ያወጣል። ከፊት ያሉት እየዘፈኑ ነው። ወደ ኋላ የሚያይ የለም።

ሩፊና ዝንጅብሉን ተፋች። እኔ ከአጠገቧ ነበርሁ፤ አፏ ሲከፈት፣ ምላሷ ለዚያች ቃል ሲነሣ አይቻለሁ። ብትጮህ ማን ይወቅሳታል? ሰው ከሚጨፈለቅ ስም ይውደቅ። ነገር ግን ከአፏ ይልቅ እጇ ቀደመ። ግንዱ ውስጥ ከተጣሉት ዕቃዎች መጥረቢያ መዘዘች፣ ገለበጠችው፣ በጀርባው የአፍንጫውን ጎን መታችው። አንድ ጊዜ። ደግሞ ሌላ።

አሁን ልብ በሉ። በጉተታ ላይ ትኩስ ግንድ አይመታም። እርጥብ ነው፣ ተወጥሯል፣ በትንሽ ነገር ይሰነጠቃል። እኔ ራሴ በእንጨት ኳ ያደረገውን ሁሉ እናቱን ሳልተው ሰድቤዋለሁ። ስለዚህ በጉተታ መሀል ከግንዱ “ዱም!” የሚል ድምፅ ሲወጣ የሰማ ሁሉ የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ ግንዱ ተሰነጠቀ። ደግሞ ውስጡ ባዶ ነው፤ እንደ ከበሮ ይጮኻል። ድምፁ በአየር ብቻ አልሄደም፤ በሐረጉ ውስጥ አልፎ መዳፋችን ውስጥ ገባ። ዘፈኑ ተቆረጠ። የፊተኞቹ ሐረጉን ጥለው ወደ ጎን ዘለሉ። የኋለኞቹ ተረከዝ በአንድ ትንፋሽ መሬት ገባ። ግንዱ አንድ ጊዜ አቃሰተና ቆመ።

ከቁጥቋጦው ውስጥ የቦኒፋስ ድምፅ ተሰማ። “ላጎ ብያለሁ እኮ!”

እኔ ግን ያየሁት ግንዴን ነው። “ምን አደረግሽ? ሰነጠቅሽው! ገደልሽኝ!” እያልሁ ወጣሁበት። በመዳፌ ዳሰስሁ፣ ውሃ አፈሰስሁበት፣ ጆሮዬን ለጠፍሁ። አንዲት የፀጉር መስመር እንኳ የለችም።

“ሌላ ልጨምርለት?” አለች ሩፊና፣ መጥረቢያውን እንደያዘች። ፊቷ ፈክቷል።

“እንዳትነኪው!”

“እንግዲያው በምን ላውርድልህ? አፌ ቁልፍ ነው። ቦኒፋስ ደግሞ ሸሚዙን እያራገፈ ነው።”

እውነቷን ነው። ሥራ ሥራ ነው፤ ባሕሩ ሞልቶ አይጠብቅም። ላጎን ጠርቼ እንጨቱ የት ጋ እንደሚወፍር ጠየቅሁት። ወደ እኔ ብቻ እያየ አፍንጫው ላይ አንድ ቦታ በጣቱ አንኳኳ፤ እዚያ ሳያሳሳው ትቶታል። ከጠንካራ ቅርንጫፍ የእንጨት መዶሻ ቆርጬ ሰጠኋት፤ ብረት ጨርሶ ከለከልሁ። አንድ ምት ያዝ፣ ሁለት ምት ጎትት ተባባልን። ማንም ጥያቄ አልጠየቀም። አንድ ጊዜ ልቡ የተሰነጠቀ ሰው ያን ድምፅ ለመማር አስተማሪ አይፈልግም። ሩፊና ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ የግንዱ አፍንጫ ላይ ወጣች። ቦኒፋስ ሲያያት ቅር ያለው መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን “ተመስገን” ብሎ የኋላ ሐረግ ያዘ።

ግንዱ ሙሉው ቁልቁለት ላይ እንደ በዓል ከበሮ እየጮኸ ወረደ። ታች ያሉት ሴቶች ሠርጉ ተጀመረ ብለው ምድጃ አቀጣጥለው ጠበቁን። አልተሳሳቱም። ግንዱ ውሃ ነክቶ ሲንሳፈፍ አጋታ ከካካዎ ማድረቂያው እየሮጠች መጣች፤ አሳማው ታረደ፣ ተበላ።

ከምግቡ በኋላ ሩፊና ታንኳውን ስትዳስስ ላጎ ከወዲያ በኩል ሐረጉን ይፈታ ነበር። አማትና አማች ፊት ለፊት አይነጋገሩም፤ በሰው በኩል ነው። ሩፊና ጀርባዋን ሰጠችው።

“አጋታ፣ ለባልሽ ንገሪው። የሚቀጥለውን ግንድ አፍንጫውን ከዚህም ወፈር አድርጎ ይተው።”

ላጎም ጀርባውን ሰጠ። “አጋታ፣ ለእናትሽ ንገሪያት። ከዚህ ከወፈረ ይከብዳል።”

“ይክበድ በይው! የሚይዘው እሱ ነው፤ የምመታው እኔ ነኝ።”

“ወገቤን ማን ይከፍለኛል በያት።”

“ወገብህን ልጄ ታሽልሃለች በይው።”

“እኔ ምን በወጣኝ!” አለች አጋታ። “ሁለታችሁም ጆሮ አላችሁ፤ ሰምታችኋል። እኔ ደግሞ አልበላሁም።” ጥላቸው ወደ ምድጃው ሄደች።

ሁለቱ ታንኳውን መሀል አድርገው፣ አንዱ ወደ ባሕር ሌላው ወደ ተራራ እያየ ቆመው ቀሩ። ክርክሩ ገና በጉሮሯቸው ነው፤ የሚያሻግርላቸው ሰው የለም። እኔ ቀስ ብዬ ልሸሽ መዶሻዬን ሳነሣ ሩፊና አየችኝ።

“አናጢ! ና እስቲ። ለዚህ ሰው ንገርልኝ፤ የሚቀጥለው ዛፍ ከወንዙ ማዶ ያለው ነው የሚሆነው።”

“አናጢ፣ ለዚያች ሴት ንገርልኝ” አለ ላጎ፣ “የወንዙ ማዶ ዛፍ ውስጡ በስብሷል።”

“በስብሷል ይላል” አልኋት።

“ሰምቻለሁ። ማን ቆርጦ አየው በለው!”

መዶሻዬን አስቀምጬ በመካከላቸው ተቀመጥሁ። ሥራው ረጅም እንደሚሆን ገባኝ።